ያልተነካው ማርሽ

ባሌ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ አይደለም፤ ስለ እሱ ለመጻፍ ስቀመጥ እጄ ይቆማል። የምጽፈው ለልጃችን ስለገዛሁት ብስክሌት ነው። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር የጀመርኩት። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ፤ በየጊዜው ራሴን ደህና ሴት አድርጌ ጽፌ እገኛለሁና።

ወረታ ላይ ብስክሌት ብርቅ አይደለም። አገሩ ሜዳ ነው። ገበሬው የሩዝ ጆንያ ከኋላ አስሮ ይመጣበታል፤ ተማሪው በተራ እየተከራየ ይዞርበታል። ልጄም የተማረችው በኪራይ ብስክሌት ነው፤ ያስተማራት አባቷ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን አጣፍቶ ከጎኗ እየሮጠ «ወደፊት እይ፣ ወደ እግርሽ አትይ» ይላታል። ሰባተኛ ክፍል ስትገባ የራሷን ሊገዛላት ቃል ገብቶላት ነበር። አምስተኛ ክፍል ሳለች ሞተ።

ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ትምህርት ቤቷ ራቀ። ቤታችን ከከተማው በምዕራብ በኩል፣ የሩዝ ማሳው ከሚጀምርበት ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት ደግሞ መገንጠያውን አልፎ በደብረ ታቦር መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ሜዳው ያልቅና መሬቱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይላል። ለደብረ ታቦር ሰው ዳገት ነው ብንለው ይስቅብናል። እኔም ዳገት ብዬው አላውቅም፤ በእግሬም በባጃጅም ስሄድበት አይሰማኝም። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ደግሞ ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ይገጥማታል። እሱንም አላሰብኩትም። እንዲህ ያለውን የሚያስበው ባሌ ነበር።

ጳጉሜን ላይ ሳይክል ሠሪው ዘንድ ወሰድኳት። ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም አባባ ይላቸዋል። መገንጠያው አጠገብ፣ የመኪና ጎማ ከሚጠገንበት ጎን በቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሠራሉ። አሮጌ ብስክሌት ገዝተው አድሰውም ይሸጣሉ። እንደደረስን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት።

«ለማን ነው?»

«ለእሷ ነው አባባ። እኔ የማስበው…»

«እንግዲያ አንች ዝም በይ። የምትቀመጥበት እሷ ናት።»

ልጄ ሳቀች። ከሐዘኑ ወዲህ ሰው ፊት ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

አንዲት ሰማያዊ ብስክሌት አወጡላት። ቀለሟ ተላልጧል፤ ኮርቻዋ ተቀዶ በመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ተሰፍቷል። አስቀመጧትና ጎንበስ ብለው እግሯን አዩ።

«ተረከዝሽ መሬት ይነካል?»

«አይነካም። ጣቴ ነው የሚነካው።»

«ልክ ነው። ፍሬኑን ጭመቂው። እጅሽን ከመሪው ሳታነሽ ይደርስልሻል? ጥሩ። አሁን ስሚኝ። ይች ስድስት ማርሽ አላት፤ ስድስቱም ከኋላ ናቸው። ከፊት አንድ ጥርስ ብቻ ነው፤ አያምታታሽም። ዳገት ስታይ ካቴናውን ወደ ትልቁ ጥርስ ትወስጅዋለሽ፤ እግርሽ ይቀለዋል። ሜዳ ላይ ወደ ትንሹ። ሌላ ትምህርት የለውም።»

ከዚያ ከቦዩ በላይ ወዳለችው የድንጋይ መሻገሪያ ወሰዷት። መሻገሪያዋ ወደ አስፋልቱ ሽቅብ ትወጣለች። እዚያ አቆሟትና ሳትንደረደር ተነሽ አሏት። «ከቆመችበት ተነስታ ዳገት ካልወጣች ሳይክሉ የእሷ አይደለም» አሉኝ። ልጄ ወጣች። እስከ መገንጠያው ሄዳ ተመለሰችና አፍንጫዋን በእጇ ጠራርጋ «እማዬ፣ ይች ናት» አለችኝ።

እናስብበት ብዬ ይዣት ሄድኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የባሌ እህት ቤታችን መጣች። ታላቁ ናት፤ እሱን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ናት። እኔም በእርስዎታ ነው የማናግራት። ልጄ በደስታ ስለ ሰማያዊዋ ብስክሌት ነገረቻት። የባሌ እህት አዳምጣ አዳምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«የወንድሜ ልጅ የሰው ውራጅ ልትነዳ?»

«ደህና ናት እኮ እትዬ፤ ለእግሯም…»

«እናቷ አንች ነሽ፣ እኔ ምን አገባኝ። ሰው ግን ምን ይላል? አባቷ ሲሞት ውራጅ ላይ አስቀመጠቻት ይላል።»

ይህን በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ስጽፈው ጥፋቱን ለእሷ ሰጥቼ ነበር። ውሸት ነው። እኔ ገና ሳይክል ሠሪው ዘንድ ሳለሁ፣ ልጄ እስከ መገንጠያው ስትነዳ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ኮርቻው ላይ ያለውን ስፌት ስመለከት ነበር። ሙት ዓመቱ አልፎ ጥቁሬን አላወለቅሁም፤ ባል የሞተባት ሴት የምትገዛውን ሁሉ አገር ያየዋል። የባሌ እህት የተናገረችው እኔ ውስጥ የነበረውን ነው።

በማግስቱ አዲስ ከሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ቀይ ነው፤ ከጣሪያው ላይ ተሰቅሎ ያበራል፤ ቴላዮው፣ ዋናው ብረቱ፣ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። ሻጩ አወረደውና የኋላ ጎማውን አሽከረከረው።

«ሃያ አንድ ማርሽ ነው። ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት፤ ሦስት ጊዜ ሰባት ሃያ አንድ።»

ሃያ አንድ ከስድስት ይበልጣል ብዬ አሰብኩ። መሥሪያ ቤቴ መዝገብ ቤት ነው፤ ዕድሜዬን ከቁጥር ጋር ነው የኖርኩት፤ ቁጥሩ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ልጄ እጄን ጎተት አድርጋ በዝግታ «እማዬ፣ እግሬ አይደርስም» አለችኝ።

«ታድጊበታለሽ» አልኳት።

ሻጩም ተቀበለኝ፤ «ልጅ ቆሞ ይቀራል እንዴ? ከርሞ ታይዋለሽ።»

በእኛ ዘንድ የልጅ ጫማ ሁለት ቁጥር ከፍ ብሎ ነው የሚገዛ፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ይወተፍለታል። ቀሚስም ከታች ሰፊ እጥፋት ተትቶ ይሰፋል። እኔም እንደዚያ ነው ያደግሁት። ጨርቅ የማይወተፍበት ዕቃ መኖሩን አላሰብኩም።

ሻጩ ማርሹን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ካቴናውን ከፊት ትልቁ ጥርስ ላይ፣ ከኋላ ትንሹ ጥርስ ላይ አሳረፈው። «ይኸው፣ ይኸ ነው የፍጥነቱ» አለ። ሊያስረክበኝ ሲል ደግሞ «ዕቃው ጠንካራ ነው፤ ልጆች ሲነካኩት ነው የሚበላሸው» አለኝ። ይህችን ቃል እንደ ሕግ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

የቤታችን ወንበሮች ስንጋባ የተገዙ ናቸው፤ ላስቲካቸው የተነሳው ልጃችን ተወልዳ እሷ ራሷ በጥርሷ ስትቀደው ነው። የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ እስካሁን በላስቲክ ነው። ዕቃ የሚከበረው ባለመንካት ነው ብዬ አምናለሁ፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ልጄን አጠገቡ አቆምኳት።

«ላስቲኩን እንዳትቀጅው። ማርሹንም እንዳትነኪው። እንዳለ ንጅው።»

«ዳገቱስ እማዬ? አባባ እኮ ዳገት ላይ…»

«ዳገቱ ምን ይሆናል፤ ትንሽ ጠበቅ አድርገሽ ርገጭ። የአባትሽ አደራ ነው ይኸ።»

አደራ አልነበረም። ባሌ ቃል ገባላት እንጂ ማርሹን አትንኪ ብሎ አልሞተም። በሞተ ሰው ስም ቆለፍኩት። ጎረቤት ሁሉ እየገባ «ያዝልቅላት፣ በጤና ያስነዳት» ሲል ከሁሉም ድምፅ በላይ የእኔ አሜን ይሰማ ነበር።

መስከረም እንዲሁ አለፈ። ጥቅምት ላይ ልጄ ቁርሷን እየተወች ትወጣ ጀመር፤ እንዳላረፍድ ነው ትላለች። ስትመለስ ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነው። ደጃፋችን ላይ ያለችውን አንዲት ደረጃ ስትወጣ መቃኑን ትይዛለች።

«ጉልበቴን ያመኛል» አለችኝ አንድ ቀን።

«በአሥራ ሁለት ዓመትሽ ጉልበት? እንግዲያ እኔ ምን ልበል?»

ከዚያ በኋላ አላነሳችውም። እኔም ዳነ አልኩ።

ኅዳር ላይ ከትምህርት ቤት ተጠራሁ። መምህሯ ወጣት ሴት ናት፤ ልጄን ከጎኔ አቁማ በትሕትና ነገረችኝ። «ብዙ ቀን እያረፈደች ነው። ሰነፍ ልጅ አይደለችም፣ ግራ ቢገባኝ ነው የጠራሁዎት። ሁልጊዜ ሳይክሉን እየገፋች ነው የምትደርስ።»

«እየገፋች?» አልኩ። ከዚያ የተናገርኩትን ልክ እንዳልኩት እጽፈዋለሁ፤ «ሃያ አንድ ማርሽ ገዝቼላት ትገፋዋለች? ይኸ ስንፍና ካልሆነ ምን ይባላል?» አልኩ። መምህሯ መሬት መሬት አየች።

ቤት ስንደርስ አልበቃኝም። «አባትሽ ይኸን ቢያይ ምን ይል ነበር?» አልኳት።

«አባዬ ቢኖር መጀመሪያ ሳይክሉን ያየው ነበር» አለችኝ።

እጄን አነሳሁ። አልመታኋትም። ግን እንዳነሳሁ አይታለች፤ እጄም ሳይወርድ ቆይቷል። ባሌ አንድ ቀን እንኳ እጁን ያላነሳባት ልጅ ናት። የተናገረችው እውነት መሆኑን ያን ጊዜም አውቀው ነበር መሰለኝ፤ ባላውቀው ኖሮ ያን ያህል አልቆጣም ነበር።

ጥር ላይ ካቴናው ተበጠሰ። የገበያ ቀን ነበር። ብስክሌቱን እየገፋን ሳይክል ሠሪው ዘንድ ሄድን፤ የባሌ እህትም ከገበያ ስትመለስ አግኝታን አብራን መጣች። ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች ጎማቸው እስኪጠገን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጨዋታቸውን ይጫወታሉ።

ሽማግሌው ብስክሌቱን ገልብጠው በመሪውና በኮርቻው አቆሙት። ጎንበስ ብለው አዩት፤ በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ጣታቸውን አሸተቱት። ከዚያ ማርሹን ሊቀይሩ ሞከሩ፤ ሽቦው ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ።

«ኑ እዩ» አሉ።

ቀረብን። ከኋላ ካሉት ሰባት ጥርሶች ስድስቱ ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው፤ የተቀቡት ግራሶ አልተነካም፣ በላዩ አቧራ ተጋግሮበታል። የመጨረሻዋ ትንሿ ብቻ ነጥታለች፤ ጫፎቿም ተበልተው እንደ መርፌ ሾለዋል። ከፊትም ትልቁ ብቻ ነው የሠራው።

«ይኸን ሁሉ ጊዜ ያን መንገድ በዚህች ነው ስትወጣ የከረመች?» አሉ ሽማግሌው።

ከሹፌሮቹ አንዱ አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ። «እኔ ባጃጄን በአራተኛ ማርሽ ላስነሳት ብል አልቅሳ ነው የምትቆም።»

«ጉልበት ነው እንጅ» አለ ሁለተኛው፤ «ይችን ልጅ ሩዝ መፈልፈያው ዘንድ ብንቀጥራት መብራት ሲጠፋ በእግሯ ታዞርልን ነበር።»

ሁሉም ሳቁ፤ የባሌ እህት ሳይቀር። ሽማግሌው አልሳቁም። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ልጄን አዩአት።

«ሚጣየ፣ ማርሹን አትንኪ ያለሽ ሰው አለ?»

ልጄ ወደ እኔ አየች። ልትከሰኝ አልነበረም። እንድናገርላት ነበር።

የባሌ እህት አጠገቤ ቆማለች። ሹፌሮቹ ያያሉ። እኔም ቶሎ ብዬ «እኔ ምን አውቃለሁ አባባ» አልኩ፤ «እኔ ገዝቼ ሰጠኋት። እሷ ናት እንጅ። የዛሬ ልጅ መቼ የነገሩትን ይሰማል?»

«ግትርነቱ በእኛ በኩል ነው፣ በአባቷ» አለች የባሌ እህት ነገሩን ወደ ጨዋታ ስትወስደው።

ልጄ ጫማዋን ታያለች። «እኔ ነኝ» አለች። «እንዳይበላሽ ፈርቼ ነው።»

እንዳይበላሽ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ቃሌን ወስዳ የራሷ አደረገችው፤ እኔ ከሰው ፊት በሰላም እንድቆም። ሽማግሌው አዲስ ካቴና ሲያስገቡ፣ ሽቦውን ሲቀይሩ አንድ ጊዜም ወደ እኔ አልተመለከቱም።

ሰኞ ጠዋት ብስክሌቱ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ እንዳለ ልጄ ቦርሳዋን አንግታ በእግሯ ወጣች።

«ሳይክሉ እኮ ተሠርቷል» አልኳት። «ማርሹንም እንደፈለግሽ…»

«በእግሬ ይሻለኛል እማዬ።»

ማክሰኞም እንዲሁ። ሳምንቱም። አኩርፋ ቢሆን ኖሮ አባብላት ነበር። አላኮረፈችም። ጨዋ ሆነችብኝ። «እሽ እማዬ። በቅቶኛል እማዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» እንግዳ ቤት እንደመጣች ልጅ። ወጡ ጨው ሲበዛበት ዝም ብላ ትበላለች፤ በፊት ግን ከአባቷ ጋር ተጠቃቅሰው ይስቁብኝ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ ዝም ካለች ቤቱ ዝም አለ ማለት ነው።

ለንስሐ አባቴ ልናገር አስቤ ነበር። እሳቸው ዘንድ መሄድ እንደሚቀለኝ ስላወቅሁ ቀረሁ። ያየኝ ሌላ ሰው ነው፤ የበደልኩትም ሌላ ሰው። ዝም ብዬ ብተወው ልጄ ዓመቱን ሙሉ በእግሯ ትሄዳለች፣ ለማንም አትናገርም፣ እኔም ምንም እንዳልሆነ እኖራለሁ። የፈራሁት ይህን ነው፤ መኖር መቻሌን።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ብቻዬን ሳይክል ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። ጎማ እየነፉ ነበር።

«ቀዩን ልለውጠው ነው አባባ። ያች ሰማያዊ አለች?»

«ሰማያዊዋ መስከረም ሳይጠባ ነው የሄደች። አንድ የሐሙሲት ሰው ለልጁ ወሰዳት።»

ከዚያ «ማርሹን አትንኪ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቄያለሁ።»

«እሷ ነገረችዎት?»

«እሷማ ምን ትነግረኛለች። ልጅ ዕቃ ሲያገኝ ነካክቶ ነው የሚያበላሽ። ሰላሳ ዓመት ሳይክል ስሠራ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የመጣ የልጅ ማርሽ አላየሁም። የተከለከለ ልጅ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርግ።» መንፊያውን አቆሙና ቀና አሉ። «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ። ቅዳሜ ልጅቱን ይዘሻት ነይ። ሳይክል ያለ ባለቤቱ አይመረጥም።»

ቅዳሜ ጠዋት ለልጄ ነገርኳት። «ሳይክሉን ልንለውጠው ነው። የሚሆንሽን አንች ምረጭ።»

«የመረጥሽው ይሆነኛል እማዬ» አለችኝ። ከዚህ በላይ የከበደኝ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

ብቻ መጣች። እኔ ቀዩን እየገፋሁ፣ እሷ ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ቀርታ ደረስን። ያ ስለ ባጃጁ የቀለደው ሹፌር ዛሬም እዚያው ነበር። ባይኖር ደስ ባለኝ። ግን የዋሸሁት እሱም ባለበት ነበርና ብስክሌቱን አቁሜ ተናገርኩ።

«ያን ቀን እዚህ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ማርሹን እንዳትነኪ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ እኔን ልትሸፍን ነው እንዲያ ያለች።»

ሹፌሩ ድንገት የባጃጁ ጎማ አሳሰበውና ጎንበስ አለ። ልጄ ቀሚሴን ያዘች።

«እማዬ በቃ፤ ሰው ይሰማል።»

ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። እንደገና ሰው ፊት እንዳሳፈርኳት ገባኝ፤ ስናዘዝ እንኳ የራሴን ልብ ለማሳረፍ ነው የቸኮልኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። በእኛ አገር እናት ለልጇ እንዲህ አትልም። ስትበድል ደህናውን ጉርሻ ታጎርሳለች፣ ነገሩ በዚያ ያልፋል። አፌ ቃሉን አያውቀውም ነበር። ልጄ እስከ ዛሬም አልመለሰችልኝም፤ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

ሽማግሌው «ነይ እንግዲህ፣ ቁመትሽን ልየው» ብለው ገላገሉን።

ሦስት ብስክሌት አወጡ። አንዱ ማርሽ የሌለው ነው። አንዱ እንደ ቀዩ ብዙ ማርሽ ያለው፣ ቁመቱ ግን አጠር ያለ። ሦስተኛው አረንጓዴ ነው፤ ከፊት አንድ ጥርስ፣ ከኋላ ሰባት፤ ማርሹ የሚቀየረው መያዣውን በማዞር ነው። ልጄ በየተራ ተቀመጠችባቸው። ወደ እኔ አላየችም። ለሽማግሌው በዝግታ ትጠይቃቸዋለች።

«ማርሽ የሌለውስ አይሻልም? የሚበላሽ ነገር የለውም።»

«ለሩዝ ማሳው መንገድ ይሻላል፤ ጭቃ አይዝም። ለአንች መንገድ ግን ጠዋት ጉልበትሽን ይጠይቅሻል። ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«ያመኛል» አለች፤ ለእሳቸው።

«እንግዲያ ተይው። ይኸኛውስ?»

«ብዙ ነው። የፊቱንና የኋላውን ሳስብ መኪና ይገጨኛል።»

ሽማግሌው ሳቁ። አረንጓዴው ላይ ጣቷ መሬት ነካ፤ እጇም ፍሬኑ ላይ ሳትዘረጋ ደረሰ። መያዣውን አዙራ አዳመጠችው። «ይኸ» አለች።

«ምን ትያለሽ?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። አንድ ጎኑ ተፍቆ ብረቱ ይታያል፤ ልናገረው አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«እሷ ናት የምትነዳው» አልኩ።

ልትሞክረው በደብረ ታቦር መንገድ ሽቅብ ሄደች። የጭነት መኪናዎች እስኪከልሏት አየናት። ቆየች። በጣም ቆየች። እኔ ሦስት ጊዜ ልነሳ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ በመንገዱ ዳር ብስክሌቱን እየገፋች ስትመጣ አየሁ፤ ካቴናው ተንጠልጥሎ ይጎተታል፤ ሁለት እጇ ጥቁር ነው።

ከእኔ ጥቂት እርምጃ ርቃ ቆመች።

«ማርሹን ስቀይር ካቴናው ወጣ» አለች።

ቆማ ፊቴን ታያለች። ቀልድም ፍርሃትም አልነበረባት፤ ምን እንደምል ልታይ ነው። ሽማግሌውን አየሁ፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው አንድ ጤነኛ ጎማ ይመረምራሉ።

ተነስቼ ወደ እሷ ሄድኩ። «እንዴት ነው የሚመለሰው?» አልኳት።

«አላውቅም።»

ሽማግሌው ሳይዞሩ ተናገሩ። «ከታች ያለችውን የኋላ ክንድ ወደፊት ግፏት፣ ካቴናው ይላላል። የፊት ጥርሱ ላይ አልብሱት። አንዳችሁ ጎማውን አንሱ፣ አንዳችሁ በእጅ ፔዳሉን አዙሩ።»

ጎማውን አነሳሁት። ከባድ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ኮርቻውን ስይዝ ወዲያና ወዲህ ይላል። ልጄ ተንበርክካ ካቴናውን ልታለብስ ትሞክራለች፤ አንድ ጥርስ ይይዝላትና እንደገና ይወልቃል። ሁለተኛም ወለቀ። ግንባሯን በክንዷ ጠረገች።

«እማዬ፣ አታወዛውዥው እንጅ» አለች በንዴት። «አጥብቀሽ ያዥ። ምን ሆነሽ ነው?»

ከዋሸሁበት ቀን ጀምሮ እንዲህ አድርጋ አልተናገረችኝም። አጥብቄ ያዝኩ። ፔዳሉን በእጇ አዞረችው፤ ካቴናው ቀጭ ቀጭ ብሎ ገባ፤ ጎማው ዞረ። መያዣውን አዙራ ማርሹን ለወጠችው፣ መልሳም ለወጠችው። አልወጣም።

«እንደገና እስከ ላይ ልሂድበት» አለችኝ። «አንች ወደ ቤት ሂጅ፤ እኔ እመጣለሁ።»

ልቆይ ፈልጌ ነበር። እንዳትቸኩይ፣ መኪና እይ፣ ልል ፈልጌ ነበር። ቀዩን ብስክሌት ለሽማግሌው ትቼ፣ ግራሶ የነካውን እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወደ ቤት ሄድኩ።